የኤልሲዲዎቹ አውጫጭኝ

«እናቴ፣ ይህ ዕቃ ከየት መጣ?»

ጠያቂዋ ፖሊሷ ሳጅን ፋሲካ፣ ተጠያቂዋ ከድጃ ናት። ሳጅኗ ከኮምቦልቻ መጥታ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ስትፈትሽ፣ በከድጃ ልጅ በሀፊዝ ሽርጥ ተጠቅልሎ መዳፍ የሚያህል ሰማያዊ መስታወት አገኘች።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ነው። ሀፊዝ ኤሌክትሮኒክስ ከሚማርበት የኮምቦልቻ ኮሌጅ፣ ከፍተሻው በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት፣ ጽሑፍና ሥዕል የሚያወጣ አንድ ኤልሲዲ ማሳያ ተሰረቀ። ከወርክሾፑ መጨረሻ የወጣው እሱ ነው ተባለ። ሐሙስ ደግሞ ለፈጠራ ውድድር ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ነው። እስከዚያ ካልነጻ መኪናው ጥሎት ይሄዳል፤ እሱም ፍርድ ቤት ይቆማል።

«ወላሂ የገዛሁት ነው» አለ ሀፊዝ። «እኔና ሙሄዲን ደሴ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን ነው የገዛነው።»

«ከተሰረቀው በምን ይለያል?»

«ፊታቸው አንድ ነው። የሚለየው ከኋላ ያለው ተቆጣጣሪ ቺፕ ነው።»

ሳጅኗ ገለበጠችው። «ጥቁር ጠብታ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«ቺፑ ከጠብታው ሥር ነው።»

«ለአፍ ማን ብሏችሁ» አለችና ዕቃውንም ልጁንም ይዛ ወጣች። ከድጃ ሻሿን አጥብቃ ተከተለች።

«አብሽሪ፣ እማ» አላት ሀፊዝ።

«አንተ ዝም በል። መጨነቁን ለኔ ተወው።»

ኮሌጁ ግቢ መጀመሪያ የተጠየቀው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ኪዳኑ ነው።

«የወርክሾፑ ቁልፍ እርስዎ ጋ አይደለም?» አለች ሳጅኗ።

«ነው። ግን ትናንት ከሰዓት ሐርቡ ቀብር ሄጄ ነበር።»

«ቁልፉስ?»

«መስኮቱ ላይ ትቼው። ሁሌም እዚያው ነው።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«የማያውቅ ካለ አዲስ ገቢ ነው።»

አቶ ኪዳኑ ቃሬዛ ሲሸከም ያዩት ሰዎች ስለመሰከሩለት ተለቀቀ።

ሙሄዲን ተጠራ። ከከድጃ ትሪ ስንት ጊዜ የበላ የሀፊዝ ጓደኛ ነው። «እውነት ነው፣ አብረን ነው የገዛነው» አለ መሬት እያየ። «ግን መጨረሻ የወጣው ሀፊዝ ነው። እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላስብም ነበር።»

ሀፊዝ ወደ ሳጅኗ ዞረ። «የተሰረቀው ሁለት ቺፕ አለው፤ አንዱ የግራውን ግማሽ ይስላል፣ ሌላው የቀኙን። የኔ አንድ ብቻ ነው፤ ትእዛዙም ሌላ ነው። የወርክሾፑ ሰሌዳ ላይ ያለው አዛዥ ኮምፒውተር፣ ማይክሮኮንትሮለሩ፣ የሚያዘውን የኔ አይሰማውም።»

የወርክሾፑ መምህር ልክ ነው አለ። ሳጅን ፋሲካ ፈገግ አለች።

«አያቴ ቢስቲማ ላይ አውጫጭኝ ይመሩ ነበር። አገሩ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ሌባው ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ዛሬም እንደዚያው ነው። የሚመሰክሩት ግን መስታወቶቹ ናቸው። ሁሉም ያምጣ።»

ተማሪዎቹ ማሳያዎቻቸውን በውድድር ሥራቸው ላይ እንደገጠሟቸው ደረደሩ። መምህሩ ገመዱን እንደየዕቃው እያስተካከለ የግመል ሥዕል እንዲያወጣ ከተዘጋጀው የወርክሾፑ ሰሌዳ ጋር ማገናኘት ጀመረ። የሀፊዝ መስታወት በራ፤ ምንም ሳይስል ቀረ።

«ሞተ?» አለች ከድጃ።

«አልሞተም፣ እማ። አልገባውም።»

«አልሐምዱሊላህ። አይግባው።»

ክፍሉ ሳቀ። ሙሄዲን ብቻ አልሳቀም። «የኔ ባትሪው ደክሟል» አለ ተራው ሲደርስ።

«መብራቱ የሚመጣው ከጠረጴዛው ነው» አለ መምህሩና አገናኘው።

በግራ በኩል የግመል አንገት ወጣ። በቀኝ በኩል ሻኛውና ጭራው ተከተሉ። የወርክሾፑ ግመል ሙሉ አካሉን ይዞ ቆመ።

«ከአንድ ሱቅ የገዛችሁት ይህን ነው?» አለች ሳጅኗ።

ሙሄዲን ማሳያውን ወደ ሳጅኗ ገፋው። «ፕሮግራሜን የጻፍኩት ለባለ ሁለት ቺፑ ነበር። ፊቱን አይቼ ገዛሁ፤ ቺፑ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሀፊዝ የራሱን እንደገና ጻፈ፤ እኔ ለሐሙስ አልደርስ አልኩ። ቁልፉን ከመስኮቱ አነሳሁ።»

«የሀፊዝን ስም ለምን ጠራህ?»

«ቀድሞ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።»

«ምነው ብትነግረው፣ ልጄ» አለች ከድጃ። «ቁጭ ብሎ ያሳይህ አልነበር?»

ዕቃው ስለተመለሰ ነገሩ በሽምግልና አለቀ፤ ኮሌጁ ግን ሙሄዲንን ከውድድሩ አስወጣው። ሐሙስ ጠዋት ሀፊዝ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። ሙሄዲን ኮምቦልቻ ቀረ።