ባለ ስድስት ማዕዘን ጠብታዎች

«ኧረ አንቺ፣ አትነቃነቂ!» አለች ለምንዬ። የምትለምነው የጎረቤት አንቴና ላይ ያረፈችውን እርግብ ነው። እርግቧ ምን ገዷት!

ስሟን ትተው «ለምንዬ» የሚሏት «ለምን» ከአፏ ስለማይጠፋ ነው። ዛሬ ግን ጭንቅ ላይ ናት። ፎቶ አንሺዋ አክስቷ ሩቁን አቅርቦ የሚያነሳ አዲስ ቴሌፎቶ ሌንስ ገዝታለች። የለምንዬን አያት አሮጌ ሌንስ ደግሞ ካሜራ ጠጋኙ ለመለዋወጫ እንዲፈታታው ልትሰጠው ነው። አዲሱን ያለ አክስቷ መንካት ክልክል ነው። ለምንዬ ፎቶ ማንሳት የለመደችው በአሮጌው ነው፤ እሱ ከሄደ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው።

«እናወዳድራቸዋ!» ብላ ስትነዘንዛት አክስቷ ተሸነፈች።

«እሺ በቃ። በሁለቱም አንሺና የቱ የየትኛው እንደሆነ ሳትነግሪኝ አሳዪኝ። የመረጥኩት የአሮጌው ከሆነ፣ ሌንሱ ያንቺ ነው።»

አዲሱ እዝዝ ብሎ በራሱ የእርግቧን ምስል አጠራው። አሮጌው ግን ወገብ የሚያጎብጥ ብረት ነው፤ ቀለበቱን በጣት እያዞሩ ጥራቱን መፈለግ ነው። ሆዱ ውስጥ ስድስት ስስ ብረቶች አሉ። ሌላኛውን ቀለበት ሲያዞሩት ተጠጋግተው የብርሃኑን ቀዳዳ ያጠቡታል። ለምንዬ ጥቂት አጠበበችና አነሳች።

ስቱዲዮ ገብተው ሁለቱን ፎቶዎች ኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን ከፈተች። ከእርግቧ ጀርባ ባለው ዛፍ ላይ የዝናብ ጠብታዎች ደብዝዘው ያበራሉ። በአንደኛው ፎቶ ክብ ናቸው። በሌላኛው እያንዳንዷ ጠብታ ማዕዘን አላት!

«ለም...» ብላ አፏን ያዘች። ከጠየቀች የቱ የየትኛው እንደሆነ ይታወቃል።

አክስቷ መነጽሯን አድርጋ ቀረበች። «ይቺ ናት! የላባዋን ጥራት እዪልኝ። ይሄማ የአባቴ ሌንስ ነው፤ ለዛው ያስታውቃል። ወይ ጉድ፣ ላስፈታታው ነበር እኮ!»

የጠቆመችው ባለ ክብ ጠብታውን፣ የአዲሱን ነበር።

ዝም ካለች ሌንሱ ይተርፋል። አክስቷም ደስ ብሏታል፤ ማን ይጎዳል? ግን ስለዚያ ማዕዘን መቼም ልትጠይቅ አትችልም። በሌንሱ ባነሳች ቁጥር ጠብታዎቹን ከአክስቷ ልትደብቅ ነው። ይሄ ደግሞ ከአሁኑ አንገበገባት።

«ልክ ነኝ አይደል? ምነው? አንቺና ዝምታ ደግሞ ከመቼ ወዲህ!»

ለምንዬ ጣቷን ሌላኛው ፎቶ ላይ አሳረፈች። «አክስቴ፣ እዚህ ላይ ጠብታዎቹ ማዕዘን ያወጡት ለምንድን ነው?»

አክስቷ መነጽሯን አስተካከለች። ጎንበስ ብላ መቁጠር ጀመረች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት...» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ስድስት።»

አሮጌውን ሌንስ አንስታ በውስጡ ያሉትን ስድስት ብረቶች ተመለከተች፤ ከዚያ ዞር ብላ ለምንዬን አየቻት። ለምንዬ አንገቷን አልደፋችም፤ ወንበሯን ሳብ አድርጋ መልሱን ትጠብቅ ጀመር።