ያልተለካው ጊታር

ሚሊሜትር የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ግድግዳ ላይ ስዕል ስትሰቅል እንኳ በማስመሪያ ለክታ፣ ወርዳ ከሩቅ አይታ፣ እንደገና ወጥታ ትለካለች። ሥራዋ የሆነው የጊታር ጥገና ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ይወዳል። ክሮቹ በአንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ማለትም ከፍሬቶቹ፣ ትንሽ ከፍ ካሉ ጣት ይደክማል፤ ትንሽ ዝቅ ካሉ ብረቱን እየነኩ ዝዝ ይላሉ።

ወንድሟ የባንድ መሪ ነው። እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት፣ የጥገና ቤቱንም የከፈተላት እሱ ነው። ሲበዛ ደግ ሰው ነው፤ መደበቅን ግን አምርሮ ይጠላል። ከሁለት ዓመት በፊት ኪቦርድ ተጫዋቹ ትኩሳቱን ደብቆ መድረክ ወጣና በሁለተኛው ዘፈን ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ወራት የተለፋበት ሥራም በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ወንድሟ «ሕመሙን የነገረኝን እጠብቀዋለሁ፤ የደበቀኝን አላውቀውም» ይላል። ያለውን ደግሞ ያደርጋል።

የባንዱን ጊታሪስት ሁሉም መዶሻ ይሉታል። ክር ሲመታ ላየው ከክሩ ጋር የተጣላ ይመስላል። አንድ ሰኞ ጠዋት ጊታሩን አንግቶ መጣ። ባንዱ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ይፈተናል፤ ካለፉ ዓመቱን ሙሉ የሆቴሉ ባንድ ይሆናሉ።

«ክሮቹን ዝቅ አድርጊልኝ» አለ። «የሚቻለውን ያህል።»

ነገሩ ግር አላት። በወንድሟ ሕግ የባንዱ ጊታሮች የክር ከፍታቸው አንድ ነው፤ በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሁለት ሚሊሜትር። ራሷ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች። እንደሱ ለሚደበድብ እጅ ከዚያ በታች መውረድ ጊታሩን ማንጫጫት ነው። ልትነግረው አፏን ስትከፍት ዓይኗ ፍሬቶቹ ላይ አረፈ።

ብዙ የሚነካ ፍሬት በክሩ እየታሸ ያበራል፤ የተተወ ደግሞ ይደበዝዛል። በዚህ ጊታር ላይ የቀለበት ጣት የሚያርፍባቸው ቦታዎች ደብዝዘዋል። አመልካች ጣት የሚያርፍባቸው ግን ከመጠን በላይ ተጭነው ጎድጉደዋል። ቀና ብላ አየችው።

«የቀለበት ጣትህ ምን ሆኖ ነው?»

ወደ በሩ ዞር አለ፤ የሚወጣ መስሏት ነበር። «ማን ነገረሽ?»

«ጊታርህ።»

ከሦስት ወር በፊት የመኪና በር ተዘግቶበት ነው። ላዩ ድኗል፤ ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ ይመለሳል ብሎታል፤ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ይህን ሁሉ የተናገረው እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር። ያ ሲስቅ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው ሰው ድምፁ አንሶ «ለወንድምሽ ትነግሪዋለሽ?» ሲላት አንጀቷን በላው።

«እኔ አልነግረውም። አንተ ትነግረዋለህ፤ ከቅዳሜ በፊት።»

«ዓርብ» አለ።

በዕድሜዋ ሙሉ ከወንድሟ የደበቀችው ነገር የለም። ዓርብ ሩቅ አይደለም ብላ ራሷን አጽናናችና ጊታሩን ተቀበለች።

የፍሬቶቹን አናት በጥቁር ቀለም ቀባች፤ ከዚያ ጠፍጣፋውን ሞረድ በላያቸው አስኬደች። ጥቁሩ የቀረበት ፍሬት ከጓደኞቹ ዝቅ ያለ ነው። ሁሉም አንድ እስኪሆኑ ሞረደች፣ ጠርዛቸውን አድቦለቦለች፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች። ቀጫጭን ክሮች አሰረችለትና ክሮቹ የሚያርፉባቸውን ትንንሽ ብረቶች በቀጭኗ ቁልፍ እያዞረች ዝቅ አደረገቻቸው።

ከማክሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይመጣል። እሱ ይጫወታል፤ እሷ ጣቱን እያየች ቁልፏን ነካ ታደርጋለች። መጀመሪያ ላይ ጊታሩ እንደ ዝንብ ዝዝ አለ፤ እጁ መዶሻነቱን አልተወማ።

«ቀስ በል እንጂ» አለችው። «አምፕሊፋየሩ ለምን ተገዛ? አንተ ንገረው፤ መጮኹን ለእሱ ተውለት።»

ሳቀና ቀስ አለ። እንዲህ ለስልሶ ሲጫወት ሰምታው አታውቅም። የጣቱን አቅም ለማወቅ የራሷን የቀለበት ጣት እንደሱ አላልታ ክሩን ትጫናለች፤ ከበዳት ማለት ከበደው ማለት ነው። ረቡዕ ላይ ማስመሪያዋን ማንሳት ተወች፤ መተዋንም ልብ አላለችም።

ሐሙስ ዕለት ሱቁን ሳትከፍት ደጅ ላይ ቆሞ አገኘችው። ጣቱን ይዛ ከፍሬቱ አጠገብ መጫን እንዳለበት አሳየችው። ማሳየቱ አልቆ እጇ ግን እዚያው ቀረ፤ እሱም አላነሳውም። ሁለቱም ያንን ፍሬት አይተውት የማያውቁ ይመስል አፍጥጠውበት ቆዩ።

«ጣቴ ባይጎዳ ኖሮ እዚህ አልመጣም ነበር» አለ።

«እንግዲያው በሩን አመስግነው» አለችው። ጉንጯ ግን ጋለ። እንደወደደችው ያን ጊዜ አወቀች፤ ደስታዋም ከፍርሃቷ ጋር እኩል መጣ።

ዓርብ መጣ፤ አልተናገረም። ወንድሟ ለፈተናው ሲሯሯጥ ፊቱ ተቋጥሮ ውሎ ነበር፤ መዶሻም ሦስት ጊዜ ወደሱ ሄዶ ሦስት ጊዜ ስለ ገመድና ስለ ማይክ ጠይቆት ተመለሰ። ነገ ከፈተናው በኋላ እነግረዋለሁ ሲላት የያዘችውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ከፈተና በኋላ የሚነገር ነገር መናገር አይባልም፤ ቃልህን በላህ፤ እኔንም አብረህ ከሃዲ አደረግኸኝ አለችው። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ወንድሟ እንደ ልማዱ ከመድረኩ ጀርባ የባንዱን ጊታሮች በገዛ እጁ ፈተሸ። የመዶሻን አንስቶ በከባድ እጁ ቢመታው ዝዝ አለ። ማስመሪያውን ቢያስጠጋ ከሁለት ሚሊሜትር በጣም ያንሳል። እህቱ ሥራ በዝቶባት ተሳስታለች ብሎ አዘነላት። በሰው ፊት ሊያሳፍራት ስላልፈለገ ቁልፉን አወጣና ስድስቱንም ክሮች በልኩ ከፍ አደረጋቸው። ለማንም ምንም አልተናገረም።

መዶሻ መድረክ ላይ ወጥቶ ጊታሩን ሲሞክር ሚሊሜትር አዳራሹ ጥግ ቆማለች። ረጅሙን ዜማ ጀመረ። የቀለበት ጣቱ ተራ ሲደርስ ድምፁ ታፍኖ ቀረ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ቀረ። በዓይኑ ፈለጋት። ድምፁን ብቻ ሰምታ ክሮቹ ከፍ እንደተደረጉ ገባት።

ማን እንደነካቸው ለመጠየቅ እንኳ ፋታ አልነበረም። ወንድሟ መድረኩ ላይ ቆሞ የመዶሻን ጣት እያየ ነበር።

«ምን ሆነሃል?» አለ።

እሷ ወደፊት ተራመደች። እሷ ከተናገረች እሱ እንደ ደበቀ ይቀራል፤ ዝም ካለች ደግሞ ሁሉም ያልቃል። መድረኩ ሥር ደርሳ ቆመች።

መዶሻ ጊታሩን ከአንገቱ አወረደ።

«ጋሼ፣ ጣቴ ከተጎዳ ሦስት ወሩ ነው» አለ፤ ሁሉም እየሰማ። «ደብቄሃለሁ። እሷ ዓርብ ሳይመሽ ንገረው ብላኝ ነበር፤ ፈራሁ። ጊታሩን ለጣቴ አስተካክላልኝ ነበር። በሱ እችላለሁ፤ በዚህ አልችልም። ከፈለግህ አሁኑኑ እወጣለሁ።»

የወንድሟ ፊት ጠቆረ። ሊያባርረው እንደሆነ ማንም አልተጠራጠረም። ዞር ብሎ እህቱን አየ፤ እሷም ደብቃዋለች። ዓይኗን አልሰበረችም፤ እንባዋ ግን ወረደ።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ። «የተሳሳትሽ መስሎኝ ከፍ አደረግሁት።» ቁልፉንና ማስመሪያውን ዘረጋላት። «ስንት ላይ ነበር?»

«አላውቅም።»

«ምን?»

«ሳልለካ ነው የጨረስሁት፣ ወንድም ጋሼ።»

ማስመሪያውን ትታ ቁልፉን ብቻ ወሰደች። ጊታሩን ጭኗ ላይ አጋድማ የቀለበት ጣቷን እንደሱ አላላች፤ ዓይኗን ጨፍና ክሩን ተጫነች። ቁልፉን አዞረች፤ ተጫነች፤ በጣም ትንሽ መለሰችው። አንድ ክር፣ ሁለት ክር፣ ስድስት። ወንድሟ ማስመሪያውን እንደያዘ ቆሞ አያት። ስዕል ለመስቀል ሦስት ጊዜ የምትለካ ልጅ ናት ያሳደገው።

ጊታሩን ለመዶሻ ስትሰጠው ነካው፤ ክሩ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ወንድሟ።

«ጣቱማ ሦስት ወሩ ነው አለህ እኮ።»

«ስለ ጣቱ አይደለም የጠየቅሁሽ፤ ስለ ሁለታችሁ ነው።»

ለዚህ የመለሰው ግን መዶሻ ነው። «እኔስ ከረቡዕ» አለ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

ወንድሟ ማስመሪያውን ኪሱ ከተተው። የሚፈትኗቸው የሆቴሉ ሰዎች ወንበራቸውን እየሳቡ መቀመጥ ጀምረው ነበር።

«ዘግይተህም ቢሆን ሳትጫወት ነግረኸኛል። ስለ መደበቁ ሰኞ እንነጋገራለን፤ ከሁለታችሁም ጋር» አለ በመጨረሻ። «አሁን ተጫወት።»

ተጫወተ። ቀስ ብሎ፣ ሳይደበድብ፣ የታመመው ጣት ተራው በደረሰ ቁጥር እሷ ትንፋሿን እየያዘች፤ ጣቱም አላሳፈራትም። ባንዱ ሥራውን አገኘ። የሰኞው ንግግር ግን ቀላል አልነበረም፤ ሁለቱም አልቅሰው ነው የወጡት።

ጣቱ በዓመቱ ዳነ። ያን ጊዜ ተጋብተው ነበር። ግድግዳው ላይ የነበረው ወረቀትም ተለውጧል፤ አሁን ለሁሉም አንድ ልክ የለም፤ በእያንዳንዱ ተጫዋች ስም አጠገብ የእጁ ልክ ተጽፏል። ከመዶሻ ስም አጠገብ ግን ቁጥር የለም። በወንድሟ እጅ ጽሑፍ «እሷን ጠይቋት» ይላል።