ያልተረጋገጠ ላኪ

ጠበቃ ምስጢር ጠባቂ ነው የሚል ሰው የጠበቃ ቢሮ ገብቶ አያውቅም። ገብቶም ከሆነ ጆሮውን ደጅ ትቶ ነው።

በዚህ ቢሮ የሰው ትዳር፣ የሰው ውርስ፣ የሰው ጉድ ሁሉ የሚከፈተው በአንድ የይለፍ ቃል ነበር። ቃሉም «ፍትሕ» ነው። አንዱ በረሳ ቁጥር ከክፍሉ ሆኖ «እትዬ፣ መክፈቻው ምን ነበር?» ብሎ ይጮኻል። አንጋፋዋ ጸሐፊ ከኮሪደሩ ጫፍ «ፍትሕ!» ብለው ይመልሳሉ። ተራ የሚጠብቁ ደንበኞች ይህን እየሰሙ «ወይ መርህ! ወይ ለእውነት መቆም!» እያሉ ይደነቁ ነበር። ምስኪኖች! የገዛ ገመናቸው ቁልፍ እኮ ነው በኮሪደር የሚወራወረው።

ሰርቨር የሚሉት፣ የቢሮው ፋይል ሁሉ የተጠራቀመበት ኮምፒውተር ደግሞ ሻይ በሚፈላበት ጓዳ ከውሃ ማፍያው ጎን ተቀምጧል። ለምን ቢሉ፣ ሶኬቱ ያለው እዚያ ነዋ! ታዲያ አንድ ቀን ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው የቢሮው ባለቤት ሻይ አማራቸውና ማፍያውን ሊሰኩ አንዱን ገመድ ነቀሉ። ውሃው ፈላ። በዚያችው ቅጽበት የእህታቸው ልጅ ቀኑን ሙሉ ስትጽፈው የዋለችው የመከላከያ መልስ ከዓይኗ ፊት ድራሹ ጠፋ።

«ጋሼ! ምን ነቀሉ?»

«ምንም። ገመድ ነው።»

«የደንበኛዬን ቤት ነው የነቀሉት እኮ!»

ይህች የእህት ልጅ ወጣት ጠበቃ ናት። የቢሮው ሰዎች «ይግባኝ» ይሏታል፤ መጀመሪያ በሌለችበት፣ ኋላ ደግሞ ፊት ለፊት። ከትራፊክ ቅጣት እስከ ሻይዋ ስኳር ድረስ የመጨረሻ ብላ የተቀበለችው ውሳኔ የለም። በዚያ ቀን የጮኸችው ጩኸት ጎረቤት ያለውን የጥርስ ሐኪም መርፌውን አስጥሎታል ይባላል።

ጋሼ ተሸነፉ። «እኔ ከብረት ካዝና ወዲያ እምነት የለኝም፤ ግን ይህች ልጅ አታስኖረኝም» ብለው የመረጃ ደህንነት ባለሙያ ቀጠሩ።

ይግባኝ ሰውዬውን መጀመሪያ ያየችው በጫማው በኩል ነው። ጠዋት ክፍሏ ስትገባ ሁለት ረጃጅም እግሮች ከጠረጴዛዋ ስር ተዘርግተዋል።

«ማነህ? በየትኛው የብርበራ ትእዛዝ ነው ጠረጴዛዬ ስር የገባኸው?»

ጭንቅላት ከእንጨት ጋር ሲላተም ተሰማ። ከዚያ ጠጉሩ በአቧራ የነጣ ቀውላላ ሰው እየተጣጠፈ ወጣ። ግንባሩን በአንድ እጁ ያሻል፤ በሌላው ቢጫ ተለጣፊ ወረቀቶች ይዟል።

«ይቅርታ፣ የይለፍ ቃል እየለቀምኩ ነው» አለ። «እርስዎ ከኪቦርድዎ ስር አንድ፣ ከመሳቢያዎ ጀርባ ሌላ ለጥፈዋል። አጎትዎ ግን ይባስ ብለው በፍሬም ሰቅለውታል።»

«ፍትሕ የሚለው የቢሮው መፈክር ነው!»

«አውቃለሁ። ሌባም ያውቃል።»

ይግባኝ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። መልስ ማጣት ለሌላው ሰው ዝምታ ነው፤ ለጠበቃ ግን ሞት ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠመደችው።

ሰርቨሩን ከጓዳ አውጥቶ በር ያለው ክፍል ሲያስገባ «ሻይ ቤቱን ዘጋብን» አለች። እያንዳንዱ ሰው የያዘውን ጉዳይ ብቻ እንጂ የሌላውን ፋይል እንዳይከፍት ሲያደርግ በሩ ላይ ቆማ ሙግት ገጠመችው።

«ጠበቃን ከፋይል መከልከል ዓሣን ከውሃ ማውጣት ነው!»

«ሐኪም በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ሆድ ሁሉ ልክፈት ይላል እንዴ?»

«ለመሆኑ እርስዎ ለምን አይቆጡም?»

«እዚህ ቢሮ የሚቆጣ አልጠፋም» አለና ወደ ገመዱ ተመለሰ።

አልስቅም ብላ ከንፈሯን ነከሰች። ኮሪደር ወጥታ ነው የሳቀችው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ኢሜይል ደረሳት። «ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት፦ ይግባኝዎ ተቀባይነት አግኝቷል። ውሳኔውን ለማየት እዚህ ይጫኑ።» ያን ውሳኔ፣ ያኔ ጽሑፏ የጠፋባትን፣ ኋላም ይግባኝ ያለችበትን የደንበኛዋን ቤት ጉዳይ፣ ስንት ጊዜ በጉጉት ጠብቃዋለች! ትንፋሽ ሳትወስድ ተጫነች። ወዲያው እንዲህ የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ይህ የሙከራ መልእክት ነው። እውነተኛ አጭበርባሪ ቢሆን ኖሮ አሁን ፋይልዎን ሁሉ ወስዷል። መልካም ቀን።»

ጋሼም ተጭነዋል። እንዲያውም «ይሄ ነገር አልከፈት አለኝ» እያሉ ደጋግመው ተጭነዋል። ይግባኝ ግን የሰርቨሩን ክፍል በር በርግዳ ገባች።

«ይህ ማታለል ነው!»

«ነው።»

«በሰው ተስፋ መቀለድ ነው!»

ሰውዬው ፈገግታውን አጠፋ። «እሱ ልክ ነው» አለ። «ይህን ያህል የሚጠብቁት ነገር መሆኑን አላወቅሁም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ቆመች። በዚህ ሙያ ይቅርታ ሁሉ «ነገር ግን» የሚል ጭራ አለው። ጭራ የሌለው ይቅርታ ሰምታ ስለማታውቅ ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቀች። ምንም አልመጣም።

«አጭበርባሪ የሚመጣው በምንፈራውና በምንመኘው ነገር ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ያጣድፋል፣ ለማንም አትንገሩ ይላል፣ ሊንክ ያቀብላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስዎ አይጫኑ፣ አይመልሱ። ላከ የተባለው ሰው ዘንድ ሄደው ፊት ለፊት ይጠይቁት።»

«ሁለተኛ ብታለል ጥብቅናዬን ልተው!» ብላ ማለች።

ቀጥሎ የድሮ መዝገቦችን ወደ ኮምፒውተር የማስገባት ሥራ መጣ። ዕቃ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ካርቶኑ እስከ ጣሪያ ነው። እሷ መዝገቡን ትከፍታለች፣ ገጹን ታዘጋጃለች፤ እሱ የወረቀቱን ምስል በሚያነሳው ማሽን ያስገባል። በዚያ ሥራ ላይ አንድ ነገር አየች። መዝገብ በከፈተች ቁጥር ሰውዬው ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ገጹን ማሽኑ ላይ ሲያስቀምጥ እንኳ ዓይኑ የሚያርፈው ኅዳጉ ላይ ነው።

«ለምንድን ነው የማያዩት?» አለችው አንድ ቀን። «የከተማው ጉድ ሁሉ እኮ እዚህ ነው ያለው።»

«ባለጉዳዮቹ ለእኔ አልነገሩኝማ» አለ።

ይግባኝ መዝገቡን እንደያዘች ቀረች። የሰው ጉድ በነጻ ተዘርግቶለት ዓይኑን የሚመልስ ሰው! ዛሬ ሰው ለሌላው ሰው ስልክ አንገቱን እንደ ሰጎን በሚያስረዝምበት ዘመን! የወደደችው ያኔ ነው፤ ለራሷም ቢሆን እስከ ማታ ድረስ ስትክድ ዋለች እንጂ።

ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃሏን መርሳት ጀመረች። እሱ ክፍሏ ይመጣል፣ ፊቱን አኮሳትሮ ያድስላታል፣ አዲሱን ስትጽፍ ደግሞ ይዞራል።

«አንቺ ልጅ» አሏት እትዬ፣ «ሕጉን ከነአንቀጹ በቃልሽ የምታወርጂ፣ እንዴት አንዲት የይለፍ ቃል ትረሺያለሽ?»

«አዲሱ በጣም ረጅም ነው እትዬ።»

«ረጅሙስ ልጁ ነው።»

ግን ሥራ ያልቃል። በሳምንቱ መግቢያ ባለሙያው ካርቶን እያነሳ እንደ ዋዛ «ዓርብ አስረክባለሁ» አላት። «ወደብ ከተማ ያለ ባንክ ሥራ ሰጥቶኛል። ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለችና ካርቶኑን በገዛ ጣቷ ላይ ጣለችው።

በችሎት ፊት ሰው የምታስለቅስ ሴት «አትሂድ» የምትል አንዲት ቃል ማውጣት አቃታት። ሰኞ አለፈ፣ ማክሰኞ አለፈ፣ ረቡዕም እንዲሁ። ኩራት የሚሉት ደንቆሮ ዘበኛ ጌታውን ውጭ አስቀርቶ በሩን ይዘጋል!

ሐሙስ ጠዋት ኢሜይሏን ከፈተች።

«ከሥራ ውጪ የሆነ ጉዳይ አለኝ። ከመሄዴ በፊት ካልነገርኩሽ መቼም አልነግርሽም። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሻይ ቤት እጠብቅሻለሁ፤ ቦታው በዚህ ሊንክ አለ። እባክሽ ለማንም አትንገሪ።»

ላኪው እሱ ነው። ልቧ ዘለለ፤ ጣቷም ተነሳ። ከዚያ ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

ያጣድፋል። ለማንም አትንገሪ ይላል። ሊንክ አለው። አጭበርባሪ የሚመጣው በምንመኘው ነገር ነው...

ደሟ ፈላ። «አወቀብኝ ማለት ነው! አውቆብኝ ነው በልቤ የሚፈትነኝ!»

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ሥልጠና ነበር። የቢሮው ሰው ሁሉ በስብሰባው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል፤ ጋሼ ከራስጌው፣ እትዬ ቃለ ጉባኤ ይዘው ከጎናቸው። ባለሙያው ትምህርቱን ጨርሶ «ጥያቄ ያለው?» ሲል ይግባኝ ተነሳች።

«ጥያቄ የለኝም፤ ማስረጃ አለኝ» አለችና በባለሙያው ስም የደረሳትን ደብዳቤ ከስልኳ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ልብ በሉ!» አለች፣ ችሎት እንደ ቆመች። «ጊዜ አይሰጥም፤ የሌባ ጠባይ ነው። ደብቂ ይላል፤ እውነት ከሆነ ምን አስደበቀው? የሻይ ቤት ሊንክ ልኳል፤ ከጀርባችን ያለውን ሻይ ቤት ማን ያጣዋል? ከሁሉ የሚያስቀው ግን፣ ይህ ሰው ከመጣ ጀምሮ አንድም ቀን አንቺ ብሎኝ አያውቅም! አጭበርባሪው ይህን እንኳ አላጠናም።»

ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ጋሼ በኩራት ተነፉ።

«የእኔ ልጅ! መማርስ እንዲህ ነው!» አሉና ወደ ባለሙያው ዞሩ። «ለመሆኑ ለፈተና የላክኸው አንተ ነህ፣ ወይስ የውጭ ሌባ ነው? የውጭ ከሆነ ዛሬውኑ ክስ እንመሠርታለን።»

ባለሙያው የገመድ ጥቅልል ይዟል፤ ይጠቀልለዋል፣ ይፈታዋል። ጆሮዎቹ ቲማቲም መስለዋል። ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው።

ይግባኝ ምስክር ማንበብ ታውቃለች። የሚዋሽ ዳኛውን ያያል፤ የተጎዳ መሬት ያያል። ድሏ አፏ ውስጥ መረራት። ይህ ሰው የማንንም ምስጢር ላለማየት ፊቱን ሲያዞር ነው የከረመው፤ እሷ የእሱን ልብ አውጥታ ለጉባኤ አነበበችው።

«ቆይ እስቲ» አሉ እትዬ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ «ትምህርቱ ፊት ለፊት ጠይቁ አልነበር እንዴ የሚለው?»

ጠረጴዛው ረጅም ነው። ይግባኝ ዞራው ወደ ባለሙያው ሄደች። ከጠረጴዛ ስር ካስወጣችው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው።

«አንተ ነህ የላክኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለፈተና?»

«አይደለም» አለ ቀና ብሎ። «ፈተና ከሆነም የወደቅሁት እኔ ነኝ። አታድርጉ ያልኳችሁን ሁሉ በአንድ መልእክት አደረግሁ።»

«እትዬ!» ብለው ጮኹ ጋሼ፣ «ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይሰፍር!»

«ብዕሬን ካስቀመጥኩ ቆየሁ» አሉ እትዬ።

«ታዲያ መጥተህ አትነግረኝም ነበር?» አለችው ይግባኝ።

«ፈራሁሽ። ስትቆጪ አይቻለሁ።»

ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። «ሊንክህን አልጫንም» አለች።

ገመዱ ከእጁ ወደቀ።

«መንገዱን አንተው አሳየኝ። አሥር ሰዓትም ሩቅ ነው፤ አሁን እንሂድ።»

«ሥልጠናው አላለቀም እኮ!» አሉ ጋሼ።

«ይግባኝ ማለት ይችላሉ ጋሼ» ብላ እጁን ይዛ ወጣች።

ወደቡ ግን አልቀረም፤ ቅዳሜ ሄደ። ሁለት ሰው ሲዋደድ ባንክ ሥራውን ያቆማል የሚሉ ተራኪዎች ይዋሻሉ። ከዚያ እየጻፈላት ኖረ። በደረሳት ቁጥር ትደውላለች።

«ናፍቀሽኛል የሚል ነገር ደርሶኛል። የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«በቃልህ አረጋግጥ።»

እሱም በቃሉ ያረጋግጣል፤ ባንኩ ውስጥ፣ በሰው መሀል፣ ጆሮው ቀልቶ።

የባንኩ ሥራ አልቆ ሲመለስ ለመጋባት ወሰኑ። የሠርጉን ጥሪ አሳምረው ሠርተው ለቢሮው ሰው ሁሉ በኢሜይል ላኩ። ቀን አለፈ፤ አንድም መልስ የለም። ለካ ማንም አልከፈተውም! ሁሉም እንደ ተማረው አጠራጣሪ ብሎ ሪፖርት አድርጎታል፤ ሪፖርቱም እሱው ድሮ በዘረጋው አሠራር የሚደርሰው ለራሱ ለሙሽራው ነው። ጋሼማ ማብራሪያ ጨምረዋል፦ «የለየለት ማጭበርበር። የእህቴን ልጅ አገባለሁ የሚል ደፋር የለም።»

ምን ይደረግ፣ ሁለቱ ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። መጀመሪያ የጋሼን በር አንኳኩ። በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ፤ አንድ ዓይን ብቻ ብቅ አለ፤ ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«የላካችሁት እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን» አሉ ሁለቱ፣ በአንድ አፍ።

ሰንሰለቱ ወረደ።