ያልፈረመው ምስክር

ይሻው መጀመሪያ ያነጋገረኝ ሊያርመኝ ነው።

እኔ ደብረ ታቦር ቢሮ ቁጭ ብዬ የሳተላይት ምስል እያየሁ የትኛው ማሳ ገብስ፣ የትኛው ድንች እንደሆነ ለይቼ ካርታ እሠራለሁ። እሱ ደግሞ ጉና ተራራ ድረስ እየወጣ የሠራሁት እውነት መሆኑን መሬት ላይ ያረጋግጣል። አንድ ቀን እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ውብአለም አንቺ ነሽ? ረግረግ ያልሽው እኮ የተራራው ጥላ ነው። የሌለ ውኃ ስፈልግ ግማሽ ቀን ዋልኩ።»

ተናደድኩ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ፣ እሱም ሳቀ። አሳሳቁ ደስ ይላል፣ ምን ላድርግ።

ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። ከጉና ሲመለስ ያየውን ነጥብ በነጥብ ይነግረኛል፤ ጨርሶም አይሄድም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እኔም ሂድ ብዬው አላውቅም። ወሬያችን ግን ከካርታ አልፎ አያውቅም ነበር።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ስለሌለኝ የሠራሁት ሁሉ የሚወጣው በሌላ ሰው ስም ነው። እኔ ዓይኔ እስኪጠፋ አፈጣለሁ፣ ሌላው ይፈርምበታል። በሁለተኛው ዓመት ፈተናውን አለፍኩ። የቀረኝ ካርታዬን መሬት ላይ ያረጋገጠ ሰው የሚፈርምበት የምስክር ቅጽ ብቻ ነበር፤ ቀኑም ዓርብ ያበቃል። ሰኞ ጠዋት የይሻውን ስም ጽፌ ሰጠሁት።

አነበበው። ገልብጦ እንደገና አነበበው።

«አልፈርምም» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬን ሲንቀው ኖሯል! አፌን አልያዝኩትም፤ ምቀኛ አልኩት፣ እዚህ ስትቀመጥ የከረምከው ስህተት ልትለቅምብኝ ነው አልኩት። እስክጨርስ ጠብቆ ጣቱን ቅጹ ላይ አሳረፈ። ምስክሩ ከአመልካቿ ጋር የሥጋ ዝምድናም ጋብቻም እንደሌለው፣ ለጋብቻም እንዳላሰባት በፊርማው ያረጋግጣል ይላል።

«እኛ ምን ዝምድና አለን?» አልኩት።

«የለንም።»

«ታዲያ?»

ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። «ሐሳቡ አለኝ። ሽማግሌ መላክ ፈርቼ ነው እስካሁን የቆየሁት። አሁን ብፈርም ዋሸሁ ማለት ነው። እምቢ ካልሽኝ ግን ሐሳቡም ይቀራል፣ አሁኑኑ እፈርምልሻለሁ።»

ስንት የለፋሁበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እሱም እስክሪብቶ ይዞ ቃሌን ይጠብቃል።

እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩና ስሙን ሰረዝኩት።

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። አስተያየቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በእሱ ቦታ ጋሼ አስናቀን ጻፍኩ። ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ በዓይናቸው ያላዩትን አይፈርሙም። ማክሰኞ በማለዳ ከተራራው ግርጌ ካለችው ከገሳይ ተነሥተን፣ እሳቸው በበቅሎ እኔ በእግሬ፣ ጉናን ተያያዝነው። ይሻውን አስቀረነው። መንገድ ላይ ልጁ ለምን እንዳልፈረመ ጠየቁኝና ነገርኳቸው፤ ከበቅሎዋ ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ። በሁለት ቀን አርባ ነጥብ አየን፤ ሦስቱ ስህተት ሆነው ተገኙ። እሱንም ሳይደብቁ ጽፈው ሐሙስ ፈረሙልኝ።

በኅዳር ማረጋገጫው መጣ፤ ካርታውም በስሜ ታትሞ ወጣ። ስሜን በጣቴ እየዳበስኩ አለቀስኩ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ሽማግሌዎች አባቴ ቤት ገቡ። እናቴ ጓዳ ወስዳኝ ልጁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«ፈርምልኝ ብዬ ለምኜው እምቢ ያለኝ ነው» አልኳት።

ግራ ገባት። «ታዲያ ምኑን ወደሽ ነው?»

«እሱኑ» አልኳት።