ከጉቱ ስልክ የተላከ

ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ የሒሳብ አስተማሪው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ነበር። ፌናን እጇን ሰደድ አድርጋ አወጣችውና ከዴስኩ ሥር ገለጥ አድርጋ አየችው። ሙክታር ነው።

«ጉቴ፣ አለህ?»

አጠገቧ የተቀመጠችው ቤዛዊት አንገቷን ሰገግ አደረገች። «የማን ስልክ ነው?»

«የወንድሜ።»

ቤዛዊት ዓይኗን ሰበር አድርጋ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ጉቱ የሞተው ነሐሴ ላይ እንደሆነ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ከገርጂ ወደ ቦሌ አራብሳ ሲመለስ የተሳፈረበትን ሚኒባስ ዝናብ ያንሸራተተው የጭነት መኪና ገጨው። ስልኩ ግን ተረፈ። መስታወቱ እንኳን አልተሰነጠቀም።

እናቷ ወይዘሮ ደሪቱ በየማለዳው ቻርጅ ላይ ትሰካዋለች፤ ካርድም ትሞላበታለች። ይጥፋ ለማለት የሚደፍር ሰው ቤት ውስጥ የለም። ድምፅ ባሰማ ቁጥር እናቷ የያዘችውን ትታ ወደ በሩ ትዞራለች። ፌናን ስልኩን ትምህርት ቤት ይዛ መምጣት የጀመረችው፣ ለራሷ እንደነገረችው፣ እናቷ እንዳትደነግጥ ነው።

ጉቱና ጓደኛው ሊባኖስ ገርጂ ጠባብ ቢሮ ተከራይተው «ሙዳይ» የሚባል አፕ ሠርተው ነበር። ክሪፕቶ የሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡበት ቦርሳ ነው። የገንዘቡ ቁልፍ ግማሹ በባለቤቱ ስልክ ላይ፣ ግማሹ በሙዳይ ሰርቨር፣ ማለትም በኪራይ በያዙት ማዕከላዊ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ሁለቱ ካልተገናኙ ማንም አይከፍተውም። ከጉቱ ሞት በኋላ ሊባኖስ ብቻውን ሊገፋው ስላልቻለ፣ አገልግሎቱ እንደሚዘጋ ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ መልእክት ላከ፦ ሰርቨሩ ሳይጠፋ ቁልፋችሁን አውጡ፣ የምታገኟቸውን ቃላት ወረቀት ላይ ጻፉ፣ በነዚያ ቃላት ገንዘባችሁን በሌላ ቦርሳ ታስመልሳላችሁ። ስለ ጉቱ ግን አልጻፈም። እጁ እምቢ አለው።

ስለዚህ ሰዎች ጉቱን መጠየቅ ጀመሩ። ሙክታር ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሚሠራ ግራፊክስ ዲዛይነር ነው። የውጭ ደንበኞቹ የሚከፍሉትን ሁሉ ሙዳይ ውስጥ ያጠራቅማል። መጀመሪያ «ጉቴ፣ አለህ?» ብሎ የጻፈ ቀን ፌናን ታክሲ ውስጥ ነበረች። ጉቱ ለማንም ሰው ሲመልስ በ«አለሁ» ነበር የሚጀምረው። አውራ ጣቷ ሳታስበው ጻፈው።

«አለሁ።»

«አቦ ጠፋህ እኮ! የበላህ ጅብ አልጮኸም!»

ሳቀች። ከነሐሴ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። እንደ ጉቱ እየቀለደች መለሰችለት። ሙክታርም ቀጠለ። ከዚያ «ሙዳይ ይዘጋል የሚሉት የምር ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

«አይዘጋም። አትነካካው» ብላ ጻፈች። ይዘጋል ብትል ጉቱም አብሮ የሚዘጋ መሰላት።

ሌሎችም ሲጠይቁ ያንኑ መለሰች። አንዳንዴ የጻፈችውን መልሳ ስታነበው የራሷ አይመስላትም። ጉቱ የሆነ ቦታ ተቀምጦ፣ እግሩን አጣምሮ የጻፈው ይመስላትና ጀርባዋን ብርድ ብርድ ይላታል። ሆኖም አላቆመችም።

ስልኩ ሒሳብ ክፍል ውስጥ የተንቀጠቀጠ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሊባኖስ ሳሎን ተቀምጦ አገኘችው። ፊቱ አመድ መስሏል። እናቷ ሻይ ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትገባ ወደ ፌናን ጠጋ አለ።

«ፌኒ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አበደ እንዳትዪኝ። ቁልፋቸውን ያልወሰዱ ሰዎች አሉ። ስደውልላቸው ‹ጉቱ አይዘጋም ብሎናል› አሉኝ። መቼ ብዬ ብጠይቅ ‹ትናንት› አሉ።»

ፌናን ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ ጨበጠችው።

«ጨክኜ ሞቷል አልኳቸው፤ ‹አሁን እየጻፈልን? አንተ ሌባ!› ብለው ሰደቡኝ። አንዱ የደረሰውን ጽሑፍ ላከልኝ። አነጋገሩ ቁርጥ እሱ ነው። አንብቤው ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? የቢሮውን በር ከፍቼ ኮሪደሩን አየሁ። እኔ፣ ሬሳውን የተሸከምኩት ሰውዬ።» ድምፁ ተሰበረ። «ሀከር ይሆን? ስልኩ የት ነው?»

«እኔ እንጃ» አለች ፌናን። «እማዬ ጋ ይሆናል።»

ወዲያው ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ።

ጓዳ ውስጥ የብርጭቆ ኳኳታው ቆመ። በተከፈተው በር በኩል እናቷ ፊቷን ወደ ውጭው በር ስታዞር ሁለቱም አዩ። ሊባኖስ ቦርሳውን አየ፤ ቀጥሎ ፌናንን። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«የሰርቨሩ ኪራይ ዓርብ ያበቃል» አለ እየተነሣ። «እስከዛሬም ለምኜ ነው ያቆየሁት። ከዓርብ በኋላ ያ ገንዘብ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። ጉቱ ራሱ ከመቃብር ቢነሣ አይከፍተውም።»

ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ።

ፌናን ጉቱ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችና መልእክቱን ከፈተች። ሙክታር ነበር።

«ሊባኖስ ሞቷል እያለ ነው የሚያስወራብህ። ሼም የለውም? ገንዘባችንን ሊበላ ነው መሰለኝ። ግን ግራ ገባኝ፤ ጽሑፍ አላምንም አሁን። ድምፅህን አሰማኝ።»

ልትመልስ «አ» ብላ ጀመረች። ስልኩ ከሥር ቀሪውን ራሱ አቀረበላት፦ «አለሁ»። የጉቱን ጣት ልማድ አልረሳም። ፌናን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥላ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

መላ ፈለገች። ጉቱ ለሷ የላካቸው የድምፅ መልእክቶች አሁንም አሉ። አንዱን ብትልክለት ያምናል፤ ከዚያ በጉቱ ስም «እውነት ነው ይዘጋል፣ ቁልፍህን አውጣ» ብላ ትጽፍለታለች። ገንዘቡ ይተርፋል፤ እሷን የሚያውቅባት የለም። አንዱን ድምፅ ከፈተችው። «ፌኒዬ፣ ዳቦ ገዝቼ እየመጣሁ ነው፤ ሻይ ጣዱ» አለ ጉቱ። ኋላው የታክሲ ረዳት ይጮኻል። ከዚህ በኋላስ? ሙክታር ነገም ይጽፋል፤ ከነገ ወዲያም። ሊባኖስም ሌባ እንደተባለ ይቀራል።

ድምፁን አጠፋችውና ደወለች።

«ጉቴ! አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ...»

«ጉቱ አይደለሁም። እህቱ ነኝ፤ ፌናን። ጉቱ ሞቷል፤ ሊባኖስ እውነቱን ነው። ስጽፍልህ የከረምኩት እኔ ነኝ።»

ከወዲያ በኩል የመኪና ጥሩምባ ብቻ ተሰማ።

«ትናንትም?» አለ ሙክታር።

«ትናንትም።»

«ስቄ እኮ ነበር! ከሞተ ሰው ጋር ነው ቁጭ ብዬ ስቀልድ የከረምኩት? እንዴት እንዲህ ይደረጋል?» ጮኸባት። ስልኩን አልዘጋችም፤ እሱም አልዘጋም። ቆይቶ በለሆሳስ፣ ሰው ሲሞት የሚባለውን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። «መቼ ነው?»

«ነሐሴ ላይ።»

«ነሐሴ... እኔ አልቀበርኩትም ማለት ነው።» በረጅሙ ተነፈሰ። «ያደረግሽው ልክ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ሙዳይን ክፈተው እባክህ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ፤ ቃላቱን ለእኔም ለማንም እንዳታነብ።»

ሊባኖስ በላከው መልእክት እንደተጻፈው፣ የት እንደሚጫን አንድ በአንድ ነገረችው። ሲጽፍ የወረቀቱ ኮሽታ ይሰማታል። ጨርሶ ቃላቱን በሌላ ቦርሳ ሞከራቸው።

«ገንዘቡ መጣ» አለ በመጨረሻ። ደስታ ግን ድምፁ ውስጥ አልነበረም። «ለሊባኖስ ራሴ እደውልለታለሁ። ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።» ቀጥሎም «እናታችሁን አላህ ያጽናቸው» አለና ዘጋው።

ፌናን ቀና ስትል በሩ ተከፍቷል። እናቷ ቆማለች፤ እጇ እርጥብ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሰማች አይታወቅም። በዚህ ቤት «ጉቱ ሞቷል» የሚለውን ድምፁን አውጥቶ የተናገረ እስከዛሬ አልነበረም፤ «ያ ነገር» ይሉታል፣ «ያን ቀን» ይሉታል።

ወይዘሮ ደሪቱ በቀስታ ገብታ ከለቅሶው ወዲህ ማንም ያልተቀመጠበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«ሌላም የሚጠብቀው ሰው አለ?» አለች።

«አለ፣ እማዬ።»

እናቷ ፌናን እንድትቀመጥ ጠጋ አለችላት።

ፌናን ተቀመጠች። የሚቀጥለውን ስም ፈልጋ ነካችው። ስልኩ መጥራት ጀመረ።