ያልተመረቀው ጉባኤ

በግንቦት ፲፱፻፹፫ ዓ.ም. የነገሌ ሰማይ ደመና እያሳየ ዝናብ ነፈገ፤ በሰሜን ከዋደራ ከተማ በኩል የሚመጡ የጭነት መኪኖች ወታደር እንደ ጆንያ ጭነው ከተማዪቱን ሳይቆሙ ያልፋሉ፤ ነጋዴውም የሱቁን አንድ በር ብቻ ከፍቶ፣ ነገ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ይውል ነበር።

መንግሥት ሲጨንቀው ወንበር ይቀንሳል። በመዲናዪቱ ጦርነቱን የሚመሩት ሰዎች እያነሱ እያነሱ ሄደው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደተወሰኑ ይወራል፤ አውራጃውም በዚያው አምሳል የራሱን የጦር ኮሚቴ እንዲያቋቁም ታዘዘ። የነገሌው አራት ሰው ሆነ፤ ሰብሳቢው በከተማዪቱ ዳር የሰፈረው ጦር አዛዥ ኮሎኔል ፍቅሩ፣ የጭነት መኪኖች ስላሏቸው ነጋዴው ሐጂ ዓብዱልወሃብ፣ የሚሊሺያው አለቃ ቀጄላ፣ ሕዝቡን ወክለው ደግሞ ሽማግሌው ኦቦ ጃርሶ። የኦቦ ጃርሶን ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም፤ ስማቸው ተነበበ፣ እሳቸውም ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

ጉባኤው በማለዳ ተቀመጠ። ኮሎኔሉ የአገሬውን ልብ ለማለስለስ ብለው ሽማግሌውን መርቀው እንዲከፍቱ ለመኗቸው፤ ኦቦ ጃርሶም በኦሮምኛ ዝናብንና ናጋን፣ ማለትም ሰላምን፣ ለምነው መረቁ፤ የተቀመጡት «ሃ ታኡ»፣ ይሁን፣ እያሉ ተቀበሉ። ኮሎኔሉም ፈገግ ብለው አብረው አሉ። ምን እንዳሉ ግን አላወቁም፤ በዚያ አገር በምርቃት የተከፈተ ጉባኤ የሚዘጋው በምርቃት ነውና፤ የከፈተው ሽማግሌ እስኪመርቅ ድረስ የተባለው ሁሉ ወሬ እንጂ ውሳኔ አይደለም፤ ሳይመረቅ ተነሥቶ የፈጸመውም ርግማኑን ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ነው ትእዛዙ የተነገረው። ጦሩ ወደ ሜጋ ሊያፈገፍግ ነው፤ የሚመጣው ጠላት ውኃ እንዳያገኝ ከተማዪቱን የሚያጠጣው የሞተር ጉድጓድ በድማሚት ይፈርሳል። የኮሎኔሉ ወታደሮች ግማሹ ከድቶ ግማሹ ጓዙን እየጫነ ስለ ነበር ሥራው ለቀጄላ ሚሊሺያዎች ተሰጠ። ሐጂ ዓብዱልወሃብ መሬት መሬቱን አዩ። ኩሬዎቹ ደርቀዋል፤ በኦቦ ጃርሶ ቤት ልጃቸው ፋይዳ አራስ ናት።

«ኦቦ ጃርሶ፣ በሉ ይመርቁንና እንነሣ» አሉ ኮሎኔሉ።

«ኮሎኔል፣ ኤላ፣ የውኃ ጉድጓድ ማለቴ ነው፣ ወዳጅና ጠላት አያውቅም፤ የጠማው ሰው ነው ባለቤቱ። ለዚህ ነገር ምርቃት የለኝም። ካልመረቅሁ ደግሞ ጉባኤው አላለቀም።»

ኮሎኔሉ ሽጉጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከበላይ የመጣውን መፈጸም የለመዱ፣ አሁን ግን የሚጨብጡት የጠፋቸው ሰው ነበሩ።

«አንቱን ገድዬ ሌላ ሽማግሌ አስመጣለሁ።»

«ማስመጣቱንስ ያስመጣሉ። የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ።»

ይህን ሲሉ ኦቦ ጃርሶ ፈርተው ነበር፤ ከመቀመጫቸው ግን አልተነሡም። ኮሎኔሉ ወደ ቀጄላ ዞረው ተነሥ አሉት፤ ቀጄላ ሽጉጡን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ርግማኑ ወደ ቤቱ ቢገባ የሚያገኛቸውን ልጆቹን አሰበ፤ አልተነሣም። እንዲያ ተፋጠው ፀሐይ አዘነበለች። በመጨረሻ የሬዲዮ ሠራተኛው ገብቶ ከበላይ የሚመልስ እንደ ጠፋ ሲናገር፣ ኮሎኔሉ ሽጉጣቸውን አንሥተው ማንንም ሳያዩ ወጡ፤ መኪኖቻቸውም የሜጋን መንገድ ያዙ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። አዲሶቹ አስተዳዳሪዎች ሲገቡ እነሱም ጥቂት ሰዎች መርጠው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ኮሚቴውም አስቀድሞ የቀድሞውን ኮሚቴ አባላት ፈለገ፤ ክሱ የሕዝብን ጉድጓድ ለማፍረስ ማሤር ነበር። ቀጄላ ወደ ኬንያ ተሻግሯል። ሐጂ ዓብዱልወሃብ ያን ቀን ታምሜ ከቤት አልወጣሁም ብለው ማሉ፤ እውነቱን ቢመሰክሩ በዚያ ክፍል መቀመጣቸውን ማመን ነበረባቸውና። ኦቦ ጃርሶ ግን ነበርኩ አሉ፤ መኖራቸውን እንጂ የሠሩትን የሚሰማ አላገኙም፤ ዓመት ታሰሩ።

ታሪክ ብዙ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ የተባለውን አይሰማም፤ በር ላይ ቆሞ የገቡትን ሰዎች ስም ብቻ ይመዘግባል። ከተማዪቱም ጉድጓዱን ያዳኑት በፍጥነት የደረሱት ተዋጊዎች ናቸው ብላ አመነች፤ ሊያፈርሱት ከተማከሩት መካከልም ኦቦ ጃርሶን ቆጠረች።

ከእስር በወጡ በሳምንቱ ፋይዳ ጀሪካኗን ባዶ ይዛ እያለቀሰች ተመለሰች። ሴቶቹ፣ አባትሽ ሊያደርቀው ከነበረው ጉድጓድ ውኃ አትቀጂም ብለው ከሰልፉ አስወጥተዋታል። አባቷ ሄደው ለሴቶቹ እንዲነግሯቸው፣ አንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን እንዲናገሩ ለመነቻቸው። ሽማግሌው ያዘኑት ያን ጊዜ ነው፣ በእስር ቤት እንኳ እንዲያ አላዘኑም።

«ተመለሺ ልጄ» አሏት። «ብነግራቸውም አይሰሙኝም። ከሁሉም ኋላ ቁሚ። ውኃው ይደርስሻል።»