ሳይለካ የተገዛ ተሽከርካሪ ወንበር

ሹፌሩ እናቱን የሚወድ ሰው ነው። ይህን የማያውቅ የሰፈሩ ሰው የለም። አውቶቡሱን አስረክቦ ከሥራ እንደወጣ በቀጥታ ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል፤ ገና በሩ ላይ እንዳለም «እማዬ፣ ምን ጎደለ?» ይላል። ስለዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር የሆነው በፍቅር ማነስ አይደለም። በፍቅር ማነስ ቢሆንማ ኖሮ ታሪኩ እኛን ባልነካን ነበር።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከደረጃ ወድቀው አከርካሪያቸው ተጎዳ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ እግራቸው ግን አልታዘዝ አለ። ከወገብ በላይ ያው እንደ ድሮው ናቸው። ክንዳቸው አርባ ዓመት መቀስና ካውያ ያነሳ ክንድ ነው፤ ምላሳቸውም አልዶለዶመም።

ከሆስፒታል ሲወጡ ለሹፌሩ አንድ ወረቀት ተሰጠው። ማክሰኞ እናቱን ይዞ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል እንዲመጣ፣ እዚያም ተለክተው የሚስማማቸው ተሽከርካሪ ወንበር እንደሚመረጥላቸው ይላል። ሹፌሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ወንበር ለመግዛት ደግሞ ምን ቀጠሮ ያስፈልጋል አለ ለእህቱ፤ የገዛ እናቱን የሚበጃትን እሱ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?

ማክሰኞን ሳይጠብቅ ብቻውን ሱቅ ሄደና ትልቁንና ምርጡን አሳዩኝ አለ። አወጡለት። መደገፊያው እስከ ራስ ድረስ የሚደርስ፣ ወደ ኋላ የሚተኛ፣ ክንድ ማሳረፊያው እንደ ሶፋ የወፈረ ወንበር ነበር። ራሱ ተቀመጠበትና ተመቸው። ሹፌሩ በር ሞልቶ የሚገባ ሰው ነው፤ እናቱ ደግሞ የእሱን ግማሽ አያህሉም። ይህን ግን በዚያች ሰዓት አላሰበውም።

ወንበሩ በመኝታ ቤቱ በር አልገባ ሲል አናጺ ተጠርቶ የበሩን ጉበን ጠረበ። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አየ፤ ወልዶ መሳም ይሉሃል ይሄ ነው ተባለ። እናት ምርቃቱ እስኪያበቃ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። ትንሽ ግን ሰፋኝ መሰለኝ» አሉ።

«ትለምጂዋለሽ እማዬ። ሰፊ ነገር ምቾት ነው።»

«ሰፊ ነገርስ ለጎተራ ነው» አሉ።

አልለመዱትም። ጎማዎቹ ሩቅ ናቸው፤ ክንዳቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው በጣታቸው ጫፍ ብቻ ነው የሚደርሱባቸው። እግራቸው መርገጫው ላይ አይደርስም፤ ተንጠልጥሎ ይውላል። የወንበሩ መቀመጫ ስለሚሰፋቸው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይዘማሉ፤ ወደ ፊትም ይንሸራተታሉ። አንድ ቀን ወደ ስፌት መኪናቸው ሊጠጉ ሞከሩ። የክንድ ማሳረፊያው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨና መለሳቸው። ከዚያ በኋላ የስፌት መኪናዋን ጨርቅ አለበሷት።

ሹፌሩ ይህን ሲያይ እናቱ ተስፋ የቆረጡ መሰለው። ሊያጽናናቸው ቴሌቪዥን አመጣ፤ ወንበሩን ወስዶ ፊት ለፊቱ አቆመ። እሳቸውም ከተቀመጡበት ቦታ ሳይንቀሳቀሱ ይውላሉ። እህቱ ጥፋቱ የወንበሩ ሳይሆን አይቀርም ብላ ሁለት ጊዜ ነግራው ነበር። እሱ ግን ተቆጣ። ከዚህ የተሻለ ወንበር ካለ አምጥታ እንድታሳየው ነገራትና ወሬው በዚያው ተዘጋ።

በሦስተኛው ወር እናት አተኮሳቸው። እህቱ ገላቸውን ስታጥብ ከጀርባቸው በታች፣ መቀመጫቸው ላይ፣ የመዳፍ ያህል ቁስል አገኘች። ሰውነታቸው እዚያ ጋ ስሜት ስለሌለው ሕመሙ አላስጠነቀቃቸውም። አንድ ቦታ ተጭነው ሲውሉ፣ ሲንሸራተቱ፣ ሥጋቸው ከውስጥ እየተበላ ነበር። አምስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወንበሩን ያየችው ያኔ ነው። ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ የምትናገር። ዞር ዞር ብላ ካየችው በኋላ ለማን እንደተገዛ ጠየቀች። ሹፌሩ ቅር አለው።

«ለእናቴ ነው እንጂ ለማን ይሆናል? ከሁሉ የሚበልጠውን ነው የመረጥኩላት» አለ።

«ጥሩ ወንበር ነው፣ ወንድሜ» አለች። «የተሠራው ግን አንገቱንና ወገቡን ማቆም ለማይችል፣ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ለሚገፋው ሕመምተኛ ነው። እናትዎ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው እስኪተኙ ድረስ ምን ሲሠሩ ይውላሉ?»

ሹፌሩ አሰበ። «ትቀመጣለች» አለ።

ባለሙያዋ ወደ አልጋው ዞረች። «እናቴ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

እናት መጀመሪያ ልጃቸውን አዩት። ሊያሳዝኑት አልፈለጉም። ኋላ ግን ተናገሩ። «ልጄ ደክሞልኛል። ግን ወንበሩን ማንቀሳቀስ አልችልም። መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ሰው መጥራት አለብኝ፤ ሴት ልጄም ሥራ አላት። ስለዚህ ውኃ መጠጣት ቀነስኩ። አንዳንድ ቀን ጭራሽ አልጠጣም።»

ሹፌሩ ክው አለ። በየማታው ምን ጎደለ እያለ ሲጠይቅ እናቱ ቤት ውስጥ ውኃ እየጠማቸው ይውሉ ነበር። ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ።

ቁስሉ ሲድን ልኬቱ ተጀመረ። ባለሙያዋ ሜትር አውጥታ የዳሌያቸውን ስፋት፣ ከጀርባቸው እስከ ጉልበታቸው ማጠፊያ ያለውን፣ ከጉልበታቸው እስከ ተረከዛቸው ያለውን ለካች። እናት ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸውና ሜትሩ ሲጠማዘዝ አይተው አቃኑላት። ሹፌሩ በበኩሉ፣ ልቡ ስለተነካ፣ በባትሪ የሚሄደው ይገዛ አለ። ባለሙያዋ አልነቀፈችውም። የባትሪው ወንበር ክንዳቸው ለደከመ ሰዎች ትልቅ ነገር እንደሆነ፣ ነገር ግን ከባድ መሆኑን፣ ደረጃ ላይ አንሥቶ ማሳለፍ እንደሚያስቸግር፣ የእናቱ ክንድ ደግሞ ካልተሠራበት እንደሚደክም አስረዳችው። ትንንሽ ጎማ ያለውም ነበር፤ እሱን የሚገፋው ሌላ ሰው ስለሆነ ለአጭር ጊዜ መጓጓዣ እንጂ ለእሳቸው ኑሮ አይሆንም አለች።

በመጨረሻ የተመረጠው ከሁሉም ያነሰው ነበር። ቀላል፣ ከዳሌያቸው ብዙ የማይሰፋ፣ መደገፊያው ዝቅ ያለ፣ ክንድ ማሳረፊያው የሚነቀል። ከአልጋ ወደ ወንበሩ በጎን ተንሸራተው ይገቡበታል። የሰፈሩ መንገድ ጠጠር ስለሆነ የፊት ጎማዎቹ ተለቅ ያሉ ሆኑ። ቁስል እንዳይመለስም ለዚሁ የተሠራ ትራስ ተጨመረ፤ በየሩብ ሰዓቱም በክንዳቸው ተደግፈው ከመቀመጫው ብድግ እንዲሉ ተማሩ።

ትልቁ ወንበርም አልተጣለም። አንገታቸውን ማቆም ላቃታቸው አንድ ግዙፍ ጡረተኛ ተለክቶ ልክ ሆነ። ባለቤታቸው እየገፉ ሲወስዷቸው ሹፌሩ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አየ። የእናቱን ገላ ያቆሰለው ወንበር ለሌላው ሰው ዕረፍት ሆነ።

እናንተም ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስፈልገው የምትወዱት ሰው ቤታችሁ ቢኖር ይህን ልብ በሉ። ተሽከርካሪ ወንበር ስጦታ አይደለም፤ የሰው እግር ነው። ውዱ፣ ትልቁ፣ የሚያምረው አይባልም። ባለሙያ ይለካው። ከባለሙያውም በፊት የሚቀመጥበት ሰው ይጠየቅ፤ የት መሄድ እንደሚፈልግ፣ ምን መሥራት እንደሚችል፣ በምን እንደሚያፍር።

ወደ ቤት በተመለሱ በሳምንቱ እናት ክር ለመግዛት ልውጣ አሉ። ሹፌሩ እንደ ልማዱ ከኋላ ሆኖ እጀታውን ያዘ።

«ልቀቅ» አሉት።

ለቀቀ። ጠጠሩን በራሳቸው ክንድ፣ ቀስ እያሉ፣ እያላባቸው ተሻገሩት። ጥቂት እንደሄዱ ቆሙና ዞሩ። «ከኋላዬ ምን ትሠራለህ? ና፣ ከጎኔ ሂድ።» ከጎናቸው ሄደ። ለወራት ሲገፋቸው ያየው ሻሻቸውን ብቻ ነበር፤ አሁን ፊታቸውን እያየ ተጓዘ።

ባለሱቁ ሁለቱን ሲያይ አንገቱን በእናት አናት ላይ አሻግሮ ሹፌሩን ሰላም አለና፣ «ለእናትህ ምን ልስጣቸው?» ብሎ ጠየቀው።

«እኔ ምን አውቄ?» አለ ሹፌሩ። «እሳቸውን ጠይቃቸው።»